ሰባት ደቂቃ በመጨረሻው ፌርማታ

ስቶጊ ደርሻለሁ፤ ሐዲዱ አለቀ፣
የመጨረሻው ሰው ጥዱ ውስጥ ጠለቀ።
ሰባት ደቂቃ አለኝ እስክዞር ተመልሼ፣
መጽሐፌን አወጣሁ ቦርሳዬን ዳብሼ።

ሽፋኑ ላይ ልዑል፣ ባለጥቁር ክንፍ፣
ሸሚዙ ተከፍቶ እስከ እምብርቱ ጫፍ፤
አይበርደውም እንዴ? እላለሁ ለራሴ፣
በሁለት ሹራብ ውስጥ ሲንገጫገጭ ጥርሴ።

ዕድሜው ስድስት መቶ ነው፣ ይላል ገጽ ሦስት።
ስድስት መቶ ዓመት ኖሮ፣
መጽሐፍና ሎሌ ሞልቶ በደጁ፣
አንዲትን ሴት «እንዴት አደርሽ» ማለት
እንዴት አይለምድ ልጁ?
ግድግዳ ይደገፋል፤ ያፈጣል፤ ፊቱን ያጠቁራል፤
«ከኔ ራቂ፣ ላንቺ አደጋ ነኝ» ይላታል፤
በነጋታው ሌሊት በመስኮቷ ይገባል።
የኔ ትራም ላይ ተሳፍሮ
እንዲህ ሰው ላይ የሚያፈጥ ቢኖር
በሩን ከፍቼ፣ ከነክንፉ፣
ለበረዶው ነበር የማስረክበው፤ ይብረር!

እሷስ ብትሆን?
ቆንጆ መሆኗን አታውቅም አሉ፣
በየምዕራፉ መስታወት ፊት እያቆሟት ሳሉ።
ሰይፍ በሦስት ቀን ተማረች፣
ዘንዶ በአራተኛው ጋለበች።
እኔ ቦጉሚዋ ይችን ትራም ለመንዳት
ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ፤ ሁለቴ ወደቅሁ፤
ትንቢት የተናገረልኝ አንድ ባሕታዊ አላየሁ።

ካርታም አለው መግቢያው ላይ፤ ሰባት መንግሥት፣ ሦስት ባሕር፣
አንድ ፌርማታ የለ።
ሁሉም በፈረስ ነው፤ ፈረሱ አይራብ፣ አይደክም፤
ያን ሁሉ ደም የነካው ልብስ ማን እንደሚያጥበው
አንድ ገጽ አይነግረኝም።

አንጀቴን የሚበላኝ ሌላው ነው፣ ሉድቫር፣
መድኃኒት ቀማሚው፣ ያ ትከሻ ጠባቡ፣
ቁስሏን ያጠበው፣ ጫማዋን የሰፋው፣
ሾርባ ይዞ በበረዶ ሦስት ኮረብታ የወጣው፤
ሙያ በልብ ነው ብሎ አፉን የያዘ።
እናም በገጽ ሦስት መቶ ስድስት
ሰይፉ የተወረወረው ለልዑሉ ነበር፤
ሉድቫር ግን፣ ምን ያድርግ፣ መሃል ገብቶ ነበር።
በነዚህ መጻሕፍት የደግ ሰው ዕጣ ሁለት ነው፦
ወይ ይሞታል፣
ወይ በመጨረሻ ለእህቷ ይሰጣል።

ይኼን ለግራዚና ነገርኳት፣ ዴፖ ውስጥ፣ ሻይ ላይ፤
መጻሕፍቱን የምታውሰኝ እሷ ነች።
ሳቀች።
«ሾርባማ ባሌም ያመጣልኛል» አለች፤
«ለሾርባ ብዬ አርባ ዝሎቲ አላወጣም፤
እኔ የከፈልኩት ለማፍጠጡ ነው።»
አልመለስኩላትም። መልስ ግን ነበረኝ፦
የኔው ሌሼክ በመስኮት ገብቶ አያውቅም፣
ቁልፍ አለው።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለሥራ ስነሳ
ጫማዬን ማሞቂያው ላይ ደርድሮት አገኛለሁ፣
እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ያንኮራፋል።
ይኼን ማን ይጽፈዋል?

ብቻ እውነቱን ልናገር፤ የሚሰማኝ ጥዱ ነው።
ዛሬ ልዑሉ ተንበረከከ።
ክንፎቹን በገዛ እጁ ቆርጦ
እግሯ ሥር አኖራቸው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፤
እኔም፣ ይኼን ሁሉ ስሰድበው የከረምኩት፣
ሆዴ ባባ፤
ሰዓቴን ረሳሁ፣ ደረስኩ እስከ ማልቀስ።

መስታወቱ ተንኳኳ።
አንዲት ተማሪ፣ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ፣
ሽፋኑን አየችው።
«ክንፉን ሰጣት?»
«ገና አሁን።»
«ወይኔ! ቀጥሎ የሚመጣውን ብታዪ...»
«እንዳትነግሪኝ!» ብዬ በሩን ከፈትኩላት።

አራት ደቂቃ ዘገየሁ።
መዝገቡ ላይ «ሐዲዱን በረዶ ይዞት» ብዬ ጻፍኩ፣
ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከመነሳቴ በፊት መጽሐፉን ወንበሬ አጠገብ አጋደምኩት።
የልዑሉ ደረት እንደተገለጠ ነው።
ጓንቴን አወለቅሁና ጣል አደረግሁበት፤
ስድስት መቶ ዓመትም ይኑር፣
ብርድ ብርድ ነው።